ዓሣዎቼ ለምን ይሞታሉ? በቤት አኳሪየም ስለሚደርስ ሕመምና ሞት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጎልድፊሽ፣ ጉፒ፣ ሞሊ፣ ቤታ፣ ቴትራ፣ አንጀልፊሽና የመሳሰሉትን ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ቤታቸው ለሚያኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። “ምክንያቱ አልታወቀም” የሚባለው ሞት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው፤ የሚገኘውም ውሃው ውስጥ ነው። በሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኋላ ሆኖ ነው፤ ውሃ ያዳከመውን ዓሣ ያጠቃል። ስለዚህ መልሶቻችን ከመድኃኒት በፊት ውሃን ያስቀድማሉ።

ዓሣዎቼ አሁን እየሞቱ ነው። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆይ። የሞተውን ወዲያው ያውጡ፤ ቁጥራቸው ከጎደለ ከድንጋይና ከተክል ሥር ይፈልጉ፤ አንድ የበሰበሰ ዓሣ ትንሽ ገንዳን በአሞኒያ ለመመረዝ ይበቃል። ምግብ ያቁሙ፤ ጤነኛ የሆነ ያደገ ዓሣ አንድ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። ኤር ፓምፑን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ከሌለ የማጣሪያውን መውጫ ወደ ላይ አንስተው የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ያድርጉ። ቴርሞሜትሩን ያንብቡ። ከዚያ ውሃውን ይመርምሩ። መመርመሪያ እጅዎ ላይ ከሌለ አንድ ንጹሕ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ቀድተው፣ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ውሃው ከተቀየረ በኋላ ማስረጃው ይጠፋልና።

ይህን ካደረጉ በኋላ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ይቀይሩ። አዲሱ ውሃ ክሎሪን የሌለው፣ ሙቀቱም ከገንዳው ከ2 ዲግሪ በላይ የማይራራቅ ይሁን። ለወራት ውሃ ያልተቀየረለት ገንዳ ግን በአንዴ ግማሹ ከተቀየረ ሊብስበት ይችላል፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

የሞቱበት ሁኔታ ምን ይነግረኛል?

ብዙ ነገር። ከመመርመሪያም በፊት ጊዜውንና ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ግማሽ መንገድ ያስኬዳል።

በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ዓይነት ዓሣ አብሮ ከሞተ በሽታ አይደለም። ክሎሪን፣ የተረጨ መርዝ፣ ሳሙና፣ የኦክስጅን እጥረት ወይም ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው የሚፈለገው። ሞቱ ንጋት ላይ ከሆነና ትልልቆቹ ከቀደሙ ኦክስጅን ነው፤ ተክሎች ቀን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት እንደ ዓሣው ሁሉ ይወስዳሉ። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ቀድመው ከሞቱና ዓሣው ከተረፈ መዳብ ያለበት መድኃኒት ወይም የነፍሳት መርዝ ገብቷል።

በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ እያለ የሚሞት ከሆነ፣ ገንዳው አዲስ ሲሆን አሞኒያን፣ የቆየ ሲሆን በሽታን ይጠርጥሩ። አንድ ዝርያ ብቻ እየተለየ ከሞተ ወይ የዚያ ዝርያ በሽታ ነው ወይ ሌላው ዓሣ እያሳደደው ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ በትንሽ ባትሪ ቢያዩ የተቀደደ ክንፍና ማባረሩን ይደርሱበታል። አዲስ የገዟቸው ደህና ሆነው ነባሮቹ ከሳምንት በኋላ መሞት ከጀመሩ፣ አዲሶቹ ራሳቸው የተላመዱትን በሽታ ይዘው ገብተዋል ማለት ነው።

አሁን የሞተ ዓሣ ካገኙ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ይመልከቱ። የጉንጩን ክዳን በጥፍር ወይም በወረንጦ ገለጥ ያድርጉ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ጤነኛ ነው። የቸኮሌት ዓይነት ቡናማ ከሆነ ናይትራይት ነው። የገረጣና በንፍጥ የተሸፈነ ከሆነ አሞኒያ አቃጥሎታል ወይም የስንጥብ ትል አለበት። በከፊል ነጭና ግራጫ ሆኖ የተበላ ከመሰለ ባክቴሪያ ነው። ይህ የሚሠራው በሞተ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው፤ ሌሊቱን ሞቶ ያደረ ዓሣ ስንጥቡ በራሱ ጊዜ ስለሚገረጣ አይመሰክርም።

ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም። እንዴት ውሃው ሊሆን ይችላል?

ዓሣ የሚገድሉት አሞኒያ፣ ናይትራይትና ክሎሪን ቀለም የላቸውም። የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በመጠኑ የሚቻል ነው፤ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። በትክክል የሚሠራ ገንዳ አሞኒያው 0፣ ናይትራይቱ 0፣ ናይትሬቱ ከ40 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ነው፤ ከ20 በታች ቢሆን ይመረጣል።

አሞኒያን በተመለከተ ብዙዎች የሚስቱት ፒኤችን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፣ ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፦ አንዱ እጅግ መርዛማ ነው፤ አሞኒየም የሚባለው ሌላው ያን ያህል አይጎዳም። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶ ያልፋል። ፒኤች 9 ላይ ከሦስት እጅ አንዱ ይሆናል። መመርመሪያው 1 ሚሊ ግራም በሊትር ሲያሳይ ፒኤች 7 ያለው ገንዳ ዓሣ ሳይሞትበት ሊያልፈው ይችላል፤ ፒኤች 8 ተኩል ያለው ግን ያንኑ ቁጥር ይዞ ስንጥብ ያቃጥላል። ስለዚህ “የጓደኛዬ ገንዳ በዚሁ ቁጥር ደህና ነው” ማለት ፒኤቹ ሳይታይ ምንም አይነግርም።

የሚኖሩበት ቦታ እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች የምታገኘው የገጸ ምድር ውሃ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሆን ማዕድኑ ይበዛል። ሰፈር ሲቀይሩ ወይም የግል ጉድጓድ ካለው ግቢ ሲገቡ የቧንቧውን ውሃ ፒኤች እንደ አዲስ ይለኩ።

በአለካክ ጊዜ አንድ ጥንቃቄ፦ የጠብታ መመርመሪያ ከወረቀቱ ይልቅ ይታመናል። ሁለት ጠርሙስ ያለው የናይትሬት መመርመሪያ ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጡ ስለሚዘቅጥ፣ ከመጠቀምዎ በፊት ቢያንስ 30 ሰከንድ በኃይል ካልተናጠ ያለውን ናይትሬት የለም ይላል።

አዲስ ገንዳ አቋቁሜ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም አለቁ። ምን አጠፋሁ?

ባክቴሪያዎቹ ገና አልበዙም ነበር። ለመደራጀት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ። ውሃ ሞልቶ ሁለት ቀን ማሳደር ክሎሪኑን እንጂ ይህን ችግር አይፈታም።

የሚያሳጥረው መንገድ፣ ዓሣዎቹ ጤነኛ ከሆኑበትና ከቆየ ገንዳ የማጣሪያ ስፖንጅ ቁራጭ አምጥቶ የራስዎ ማጣሪያ ውስጥ ማስገባት ነው። እርጥብ ሆኖ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት ይምጣ። ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ዓሣ ብቻ ያስገቡ፤ ሌላውን አሞኒያና ናይትራይት ለአንድ ሳምንት 0 ሆነው ከቆዩ በኋላ።

ዓሣው ቀድሞ ከገባ መፍትሔው ምግብን በሁለት ቀን አንዴ ማድረግና በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህል ውሃ መቀየር ነው። ናይትራይት ካለ በአንድ ሊትር 1 ግራም ጨው ይጨምሩ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቡ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል፤ ክሎሪኑ የደከሙበትን ባክቴሪያ ይገድለዋል።

ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ነው የሚሞቱት። ውሃ መቀየር ይጎዳል እንዴ?

መቀየሩ አይጎዳም፤ የሚጎዳው አዲሱ ውሃ ከአሮጌው የሚለይበት ነገር ነው። የተለመዱት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ክሎሪን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳው ሮቶ ውስጥ ከቆየው ይልቅ ክሎሪኑ ይበረታል፤ ስለዚህ “ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የማደርገው” የሚለው ልማድ አንድ ቀን ይከሽፋል። በአፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ በተለይ ኤር ፓምፕ ገብቶበት ከቆየ ክሎሪኑ ይወጣል። የተከደነ ጄሪካን ውስጥ ግን አይወጣም። ለመጠጥ ብለው ውሃ አጋር የጨመሩበትን ውሃ በፍጹም አይጠቀሙ።

የክሎሪን ማስታገሻ ለመሥራት 10 ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት በንጹሕ ውሃ አሟሙተው 100 ሚሊ ሊትር ያድርጉት፤ በጠቆረ ጠርሙስ ያስቀምጡ። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ለ10 ሊትር የቧንቧ ውሃ ይሆናል፤ የክሎሪኑ ሽታ ጎልቶ ከተሰማ 2 ሚሊ ሊትር። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምትኖሩ ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨመረው ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) ነው፤ ቢያድርም አይወጣም። ታዮሰልፌት ብቻውን ክሎራሚኑን ሲሰብረው አሞኒያ ይተርፋል፤ ስለዚህ አሞኒያንም የሚይዝ ዝግጁ ማስታገሻ መግዛት ግድ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ በጠዋት በረዶ ነው። ባልዲውን በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለኩ።

ሦስተኛው “የቆየ ገንዳ” ችግር ነው። ለወራት ውሃ ሳይቀየር የተነነው ብቻ እየተሞላ የቆየ ገንዳ አሲድ እየሆነ ይሄዳል። ፒኤቹ ከ6 ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ አሞኒያው ይከማቻል፤ ነገር ግን ፒኤቹ ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ በማይጎዳው በአሞኒየም መልክ ይቀመጣል። ዓሣዎቹም ቀስ ብለው ስለለመዱት ደህና ይመስላሉ። አንድ ቀን ባለቤቱ አዝኖላቸው ግማሹን ውሃ በፒኤች 8 ውሃ ሲቀይረው፣ የተከማቸው ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መርዛማው አሞኒያ ይገለበጣል። እንዲህ ያለ ገንዳ ሲያጋጥም በየቀኑ ከ10 በመቶ ያልበለጠ እየቀየሩ በሁለት ሳምንት ያስተካክሉት።

አራተኛው ባልዲው ነው። ወለል የተወለወለበት፣ ላርጎ ወይም በረኪና የነካው ባልዲ ለገንዳ አይሆንም። ለዓሣ ብቻ የሚሆን አንድ ባልዲ ይለዩ።

ዓሣዎቼ ውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ኤር ፓምፕ ግድ ነው?

ደጋ ላይ ላለ ሰው፣ አዎ። ውሃ የሚይዘው የኦክስጅን መጠን ከአየሩ ግፊት ጋር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር እስከ 8.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አዲስ አበባ ላይ ያው ውሃ የሚይዘው 6.2 ገደማ ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 5.6 ይወርዳል። በውጭ አገር ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ “ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ” የሚል ስሌት ሲያነቡ ሩቡን ቀንሱለት። ይህን በገበያ ላይ የሚነግርዎት ሰው ብዙም አያገኙም፤ ነገር ግን በከተማችን የተጨናነቁ ገንዳዎች ንጋት ላይ የሚያልቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የውሃው ገጽ ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ካለ ደግሞ አየሩን ይዘጋል። የማይሸትና ቀለም የሌለው ወረቀት ገጹ ላይ አንጥፈው ሲያነሡት ይዞት ይወጣል።

አየሩ በቂ ሆኖ ሳለ ካለከለኩ ችግሩ ስንጥባቸው ላይ ነው፤ ናይትራይትና አሞኒያን ይለኩ። ሁለቱም 0 ከሆኑና ዓሣው አንዱን ጉንጭ ዘግቶ በሌላው ብቻ የሚተነፍስ፣ ገላውን ከድንጋይ የሚያሽ ከሆነ የስንጥብ ትል ነው። ለዚህ የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፣ ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው መድኃኒት። መጠኑ በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ባለ 600 ሚሊ ግራሙ አንድ ፍሬ ለ240 ሊትር ይሆናል። በደንብ ካልተፈጨ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። እንቁላሉን ስለማይገድል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ?

በአንድ ሰዓት ምንም አይሆኑም። ከዚያ ካለፈ በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ያብሩ፤ ከሌለ በየግማሽ ሰዓቱ ለ5 ደቂቃ ያህል ውሃውን በብርጭቆ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት። አይመግቡ። ብርድ ከሆነ የገንዳውን ጎኖች በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፤ ላዩን ግን ክፍት ይተዉ።

ትልቁ አደጋ መብራት ሲመጣ ነው። ከውጭ የሚቀመጠው ዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ውሃ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይበሰብሳል፤ መብራቱ ሲመለስ ያንን ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይተፋዋል። ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ ከጠፋ ማጣሪያውን ከፍተው ውሃውን ደፍተው፣ ስፖንጁን በገንዳ ውሃ አለቅልቀው መልሰው ያስነሱት። ብዙ ጊዜ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በአየር የሚሠራ ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ከውዱ ይሻላል ባዮች ነን።

ገላቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ።

ኢች የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊት ሲበርድና ሂተር በሌለበት ገንዳ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ይበዛል። የሚታየው ነጥብ ከቆዳው ሥር ስለሆነ መድኃኒት አይደርስበትም። ከዓሣው ላይ ወርዶ ጠጠር ላይ ተጣብቆ በመቶዎች ይባዛል፤ የተፈለፈሉት እየዋኙ ሌላ ዓሣ ሲፈልጉ ብቻ ነው የሚገደሉት። ሦስት ቀን አክመው ነጥቡ ጠፋ ብለው የሚያቆሙ ሰዎች በሳምንቱ በእጥፍ የሚመለስባቸው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የገንዳዎን እውነተኛ መጠን ያውጡ፦ ርዝመት በወርድ በውሃው ከፍታ፣ ሁሉንም በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ። 60 በ30 በ33 የሆነ ገንዳ 59 ሊትር ይሆናል፤ ለጠጠርና ለድንጋይ 15 በመቶ ሲቀነስ 50 ሊትር። በሊትር 3 ግራም ሒሳብ 150 ግራም ጨው ይፈልጋል። በአንዴ አይጨምሩት፤ 50 ግራም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ 50 ግራም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ቀሪውን፤ በየጊዜው በአንድ ጆግ የገንዳ ውሃ አሟሙተው። ሚዛን ከሌለ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ነው። አዮዲን ያለው የገበታ ጨው በዚህ መጠን አይጎዳም።

ሙቀቱን በቀን 2 ዲግሪ እየጨመሩ 30 ያድርሱ፤ በዚህ ሙቀት አብዛኛው ኢች መራባት ይሳነዋል። ኤር ፓምፑ ሳይቋረጥ ይሥራ፤ ከላይ እንዳየነው ሙቅ ውሃ ደጋ ላይ ኦክስጅን አይበቃውም። ለጎልድፊሽ 30 ዲግሪ ይበዛበታልና 24 ላይ አቁመው በጨው ብቻ ይቀጥሉ፤ ጊዜው ይረዝማል። በየሁለት ቀኑ ከጠጠሩ ሥር ቆሻሻውን በቱቦ ይሳቡ፤ ሲተኩ ላወጡት ውሃ ልክ ብቻ ጨው ይጨምሩ፤ ጨው በትነት አይወጣም። የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም ለ7 ቀን ይቀጥሉ። ኮሪዶራስና ሌሎች ቅርፊት አልባ ዓሣዎች፣ ተክሎችና ቀንድ አውጣዎች ይህን ጨው በደንብ ስለማይችሉ ወደ ሌላ ዕቃ ይዘዋወሩ፤ ዓሣዎቹ እዚያ በሙቀትና በግማሽ ጨው ይታከሙ።

አፉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣበት። ፈንገስ ነው?

ረጃጅም ክር ያለው፣ ቀድሞ ቆስሎ በነበረ ቦታ ላይ የበቀለ ከሆነ ፈንገስ ነው፤ ዓሣውን ለብቻው አውጥቶ በሚቲሊን ብሉ ማከም ይቻላል። አጭርና የተነጠፈ፣ ከከንፈሩ ወይም ከጀርባው የጀመረ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሚሰፋ ከሆነ ኮለምናሪስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ልዩነቱ የሞት የሽረት ነው። ኢች መስሏቸው ሙቀት የሚጨምሩ ሰዎች ባክቴሪያውን ያፋጥኑታል፤ እሱ ሙቀት ይወዳል። ወደ 24 ዲግሪ ያውርዱት፤ የታመመውን ይለዩ፤ የእንስሳት ሐኪም አማክረው አንቲባዮቲክ ያስጀምሩ። ነገ ማለት አይቻልም፤ ኃይለኛው ዓይነት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገድላል።

ቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቼ ብጨምርስ?

አይሞክሩት። ቴትራሳይክሊን ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ተጣብቆ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ማዕድን በሚበዛው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ዓሣው ጋ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ብርሃን ሲያገኝ ይበላሽና ውሃውን ያጠቁራል፤ የማጣሪያውን ባክቴሪያ ሊጎዳ ይችላል፤ በግማሽ መጠን መጠቀም ደግሞ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል። በግምት የተጨመረ አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው በበሽታው ላይ የአሞኒያ ችግርን ነው። የትኛውንም መድኃኒት ሲጠቀሙ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን አክቲቭ ካርቦን ያውጡ፤ መድኃኒቱን ይመጠዋል።

ሆዱ አበጠ፤ ተገልብጦ ይዋኛል።

ከላይ ሲያዩት ቅርፊቱ በሙሉ ቆሞ ከወጣ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል፤ የሚድነው ጥቂት ነው፤ ለይተው በሰላም እንዲቆይ ያድርጉ። ቅርፊቱ ልሙጥ ከሆነና ዓሣው ድቡልቡል ጎልድፊሽ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ምግብ ነው። ለ2 ወይም 3 ቀን አይመግቡ፤ ከዚያ የተቀቀለና የተላጠ አተር ይስጡ፤ ደረቁን ምግብ ከእንግዲህ አርጥበው ይመግቡ።

ቤት ውስጥ ፍሊት ነፋሁ፤ ገንዳው ግን ተከድኖ ነበር።

መክደኑ አይበቃም፤ ኤር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ነው የሚነፋው። በዝንብ፣ በትንኝና በበረሮ መርዞች ውስጥ ያሉት ፓይሬትሮይዶች ለሰው ብዙ በማይጎዱበት መጠን ዓሣ ይገድላሉ። ዓሣው እየተንቀጠቀጠ፣ እየተጋጨ ይዋኛል። ወዲያው መስኮት ይክፈቱ፣ ፓምፑን ሌላ ክፍል ካለ ንጹሕ አየር ያገናኙ፣ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ፣ ማጣሪያው ውስጥ አዲስ አክቲቭ ካርቦን ያስገቡ። የማብሰያ ከሰል አይተካውም። ክፍሉ የግድ የሚረጭ ከሆነ ፓምፑን አጥፍተው፣ ገንዳውን በፕላስቲክና በፎጣ ሸፍነው፣ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ይጠብቁ። ፓምፑን ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ ማራቅም ይበጃል።

አዲስ ዓሣ ስገዛ በሽታ እንዳላስገባ?

ለ4 ሳምንት ለብቻው ያቆዩት። ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የስፖንጅ ማጣሪያና ሂተር ይበቃሉ፤ ጠጠር አያስፈልግም። መረቡና ቱቦው የራሱ ይሁን። የሱቁ ውሃ ወደ ገንዳዎ አይግባ፤ ዓሣውን ብቻ በመረብ ያንሱ።

ከሱቅ ወደ ቤት ለመጣ ዓሣ ፌስታሉን 15 ደቂቃ ያህል ገንዳው ላይ አንሳፈው፣ ትንሽ ትንሽ የገንዳ ውሃ መጨመር ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ድረስ ሙሉ ቀን በፌስታል ለተጓዘ ግን ይህ አይሠራም። በጉዞ ላይ አሞኒያ ተከማችቷል፤ ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ፒኤቹን ዝቅ አድርጎ ይዞለታል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፤ ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። ሙቀቱን ፌስታሉ ሳይከፈት ያመሳስሉ፤ ከዚያ ከፍተው ወዲያው ዓሣውን ወደ ተዘጋጀለት ንጹሕ ውሃ ያስገቡ።

ከሐይቅ የተነቀለ ተክል አያምጡ። የዓሣ ጥገኞችን ይዞ ይመጣል፤ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጣና ዳርቻ የሚመጣ ቀንድ አውጣ ደግሞ ለባለቤቱ የቢልሃርዝያ ስጋት ነው።

ከታመመ ዓሣ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር አለ?

አለ። ዓሣው ለሳምንታት እየከሳ፣ ጀርባው እየጎበጠ፣ ቁስል እያወጣ ከሄደ የዓሣ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው በተቆረጠ ጣት ገብቶ ከሳምንታት በኋላ እጅ ላይ ቶሎ የማይድን እብጠትና ቁስል ያወጣል፤ በወራት አንቲባዮቲክ ነው የሚታከመው። ቁስል ካለብዎት ጓንት ያድርጉ፤ ውሃ ለመሳብ ቱቦውን በአፍዎ አይምጡ፤ እንዲህ ያለ ቁስል ይዘው ሐኪም ጋ ሲሄዱ ዓሣ እንደሚያረቡ ይንገሩት። ካልነገሩት ሊጠረጥረው አይችልም።

ሁሉም ሞቱ። ገንዳውን እንዴት ላጽዳ? የሞቱትንስ የት ልጣል?

የገደላቸው አሞኒያ፣ ክሎሪን ወይም የመብራት መጥፋት ከሆነ ማጽዳት አያስፈልግም፤ ውሃውን ቀይረው ማጣሪያውን ያኑሩ። ተላላፊ በሽታ ከሆነ ስፖንጁን ይጣሉ፤ መስታወቱን፣ መረቡንና ቱቦውን በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ አጥበው፣ የበረኪናው ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ያድርቁ። የዓሣ ቲቢ በረኪናን ስለሚቋቋም ለእሱ ስፖንጅ፣ ጠጠርና መረብ በሙሉ ተጥለው፣ መስታወቱ ከታጠበ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ይወልወል። ከዚያ እንደ አዲስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት።

የሞቱትን ጓሮ ውስጥ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ፤ ጓሮ ከሌለ በሁለት ፌስታል ቋጥረው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ያውጡ። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አይጣሉ፤ በሕይወት ያሉትንም አይልቀቁ። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አንድ ባልዲ የታመመ የገንዳ ውሃ እነሱ ዘንድ መድረስ የለበትም። የገንዳውን ውሃ በጨው ካልታከመ አትክልት ያጠጡበት፤ ጨው ወይም መድኃኒት ካለበት ወደ ቤት ፍሳሽ ይድፉት።